ባዶ መሆን የነበረበት ቱቦ

ቤዎ የሚባሉ፣ ከእንግዴ ልጅ ካንሰር የተገኙ የሰው ሴሎች እያሳደግሁ አይኤንኤስኤል4 የተባለውን ጂን በኪውፒሲአር (ዲ ኤን ኤን እያባዛ መጠኑን በሚለካ ዘዴ) እለካ ነበር። ጂኑ የኢንሱሊንና የሪላክሲን ዘመድ የሆነ ፔፕታይድ ይሠራል፤ በብዛት የሚሠራውም በእንግዴ ልጅ ውስጥ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አር ኤን ኤን ወደ ዲ ኤን ኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም ያልገባበት መቆጣጠሪያ ቱቦ ሲግናል ሰጠ።

መጀመሪያ ውሃውን ጠረጠርኩ። ውሃ ብቻ የገባበት ቱቦ ግን ምንም አላሳየም። ስለዚህ ጣጣው ከናሙናው ነው፤ ከአር ኤን ኤው ጋር የሴሉ ዲ ኤን ኤ አብሮ መጥቷል።

ጂኑ 2 ኤክሶኖች (አር ኤን ኤው ውስጥ የሚቀሩ ክፍሎች) አሉት። አንዱ ፕራይመር (ቅጂው የሚጀምርበት አጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭ) ልክ መገጣጠሚያቸው ላይ የሚያርፍ አዲስ ጥንድ አዘዝኩ። ዲ ኤን ኤው ላይ በመሃል ኢንትሮን (ከአር ኤን ኤው ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) ስላለ ፕራይመሩ በደንብ አይያያዝም። ሲግናሉ ጠፋ።

ማነጻጸሪያው ጂን፣ ጂኤፒዲኤች፣ ግን ግግም አለ። ለካ ጂኖማችን ውስጥ ኢንትሮን የሌላቸው ብዙ የሞቱ ቅጂዎች አሉት፤ እነሱን የፕራይመር ብልሃት አይሸውዳቸውም። የገላገለኝ ዲ ኤን ኤን የሚቆራርጠው ኢንዛይም፣ ዲኤንኤዝ ነው። አር ኤን ኤውን በእሱ አጸዳሁ፤ ከዚያ ኢንዛይሙን ለማስቆም ማግኒዥየምን የሚይዘውን ኢዲቲኤ ጨምሬ በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ10 ደቂቃ አሞቅሁት። ኢዲቲኤውን እንዳትዘሉት! ማግኒዥየም እያለ ከሞቀ አር ኤን ኤው ይሰባበራል።

አሁን ፎርስኮሊን (እነዚህን ሴሎች እንዲዋሃዱ የሚያነሳሳ ውህድ) ያገኙትንና ያላገኙትን ሴሎች በልበ ሙሉነት አወዳድራለሁ። ላላገኙትም ማሟሚያውን፣ ዲኤምኤስኦን፣ በእኩል መጠን እጨምራለሁ።