ቲቪው በሌሊት በራሱ ሲበራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ "ቲቪያችን በራሱ ይበራል" የሚል ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡና ላይ ወሬውን አንስቶ ዝም ማለት ነው። አንዷ ስለ ቲቪዋ ስታወራ ሌላዋ ስለ ውሃ ፓምፗ፣ ሦስተኛዋ አጥፍታው ስለሚበራው አምፖሏ ትቀጥላለች። በእርግጥ እቃው በራሱ አልተነሳም። ከሪሞት፣ ከሰዓት፣ ከገመድ፣ ከእርጥበት ወይም ከመብራቱ መሄድና መምጣት ትእዛዝ ደርሶታል። ትእዛዙ ከየት እንደመጣ ሳናጣራ ግን ወይ እንፈራለን ወይ ገንዘብ እናወጣለን።

መቼ እንደበራ አለመያዝ

"ሌሊት ነው የበራው" ማለት አይበቃም። ስንት ሰዓት ላይ? ትናንትም በዚያው ሰዓት ነበር? መብራት ሄዶ ገና መምጣቱ ነበር? ዝናብ ነበር? ቴክኒሻን ከመጥራታችሁ በፊት ለጥቂት ቀናት ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ሁሌም በዚያችው ደቂቃ ከሆነ ታይመር ነው። መብራት በመጣ ቁጥር ከሆነ ሴቲንግ ነው። ጎረቤት ቲቪ በሚያይበት ሰዓት ከሆነ ሪሞትን ጠርጥሩ። በክረምት ብሶ በበጋ የሚተው ከሆነ እርጥበት ነው። ምንም መልክ ከሌለው፣ ያኔ ስለ ቦርድ፣ ማለትም ስለ ቲቪው የውስጥ ሰርኪዩት፣ እናወራለን። እኔ ብሆን ይህችን ማስታወሻ ሳላይ ለማንም ጠጋኝ አንድ ብር አልከፍልም።

እቃው ላይ ውሃ መርጨት

ጂን ነው፣ መተት ነው የሚለውን ለባለቤቱ ልተወው። ጸሎቱም ይጸለይ፣ ዱዓውም ይደረግ። ጠበሉ ግን ቲቪው ላይ አይረጭ። ቀይ መብራቷ ብቻ የምትታይ ቲቪ የተኛች እንጂ የጠፋች አይደለችም። ከሶኬት የሚገባው 220 ቮልት ውስጥ ገብቶ ሲጣራ ወደ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ ይሆናል። በጀርባው ቀዳዳ የገቡ ጥቂት ጠብታዎች ያልተበላሸውን ቲቪ ሊያበላሹት ይችላሉ። የረጨውን ሰውም አይምሩም።

ለቲቪው በሐበሻ ሰዓት መናገር

ይህ የእኛ አገር ልዩ ችግር ነው። ሄርማታ አካባቢ አንዲት እናት ቲቪያቸው በየሌሊቱ እየጮኸ ያባንናቸው ነበር። ቴክኒሻኑ መጣ፣ ሶኬቱን እንኳ ሳይነካ ሜኑውን ከፈተና ጠየቃቸው።

"እትዬ፣ ይሄን ቲቪ ስንት ሰዓት እንዲበራ ነው ያዘዛችሁት?"

"እኔ ምን አውቄ ልጄ! የልጅ ልጄ ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዜና እንድሰማ ብሎ የነካካው።"

"እሱማ 1 ሰዓት ብሎታል። ቲቪው ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው።"

ቲቪ ላይ 01:00 ማለት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የሚፈልግ ሰው 07:00 ብሎ መሙላት አለበት። ለማታ 2 ሰዓት ዜና ደግሞ 20:00። ሌላም አለ። ብዙ ቲቪና ሪሲቨር ሰዓቱን ከዲሽ ሲግናል ይወስዳል። የሰዓት ቀጠናው ወደ ጂኤምቲ+3 ካልተስተካከለ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ያን ጊዜ ለጠዋት 1 ሰዓት ያዘዛችሁት ቲቪ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ቤት ባዶ ሆኖ ይበራል። ማታ ተመልሳችሁ ስትገቡ ሲያወራ ታገኙታላችሁ።

ሜኑው ውስጥ "ኦን ታይመር" ወይም "ዌክ አፕ" የሚል ፈልጉና አጥፉት። ሪሲቨሩንም አትርሱ። የፕሮግራም ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አንድ ኳስ ጨዋታ ላይ ኦኬ የተጫነ ልጅ፣ ሳያውቀው ሪሲቨሩ በዚያ ሰዓት እንዲነሳ አዞ ሊሆን ይችላል።

ሪሲቨሩ ቀስቅሶት ቲቪውን መውቀስ

በኤችዲኤምአይ ገመድ የተያያዙ እቃዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ሪሲቨሩ ወይም ጌሙ ሲነሳ ቲቪውንም ይቀሰቅሰዋል። ሳምሰንግ ላይ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ላይ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል። ሌሎቹ ላይ ሲኢሲ በሚል ይገኛል። እሱን አጥፍታችሁ ሁለት ሌሊት እዩ። ወይም በቀላሉ ገመዱን ነቅላችሁ እደሩ። ቲቪው ዝም ካለ ጥፋተኛው ከገመዱ ወዲያ ማዶ ነው።

ስማርት ቲቪ ከሆነ ዋይፋዩንም አስቡት። ፓስዎርዱን ለግቢው ሁሉ ሰጥታችሁ ከሆነ፣ ከተከራዮቹ አንዱ ስልኩ ላይ ዩቲዩብ ከፍቶ የካስት ምልክቷን ሲነካ የእናንተ ቲቪ ሊነሳ ይችላል። ሰውየው ራሱ የት እንደበራ አያውቅም።

መብራት ሲሄድ እቃውን እንደተከፈተ መተው

እስካሁን ያወራነው እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ይሄኛው ቤት ያቃጥላል።

ግልገል ጊቤ አንድ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር አለ፤ 184 ሜጋ ዋት ተብሎ የተሠራ ነው። መብራት ግን አሁንም ይሄዳል፣ ያውም እንጀራ እየተጋገረ። እና ምን ይሆናል? ምጣዱ ላይ ሊጥ አለ፣ መብራት ድርግም ይላል። ጋጋሪዋ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ሊጡን ከድና ወደ ሌላ ሥራ ትሄዳለች። ማብሪያውን ማን ያስታውሳል? ምሽት ይሆናል፣ ሁሉም ይተኛል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ምጣዱ ካቆመበት ይቀጥላል። ከ3,000 ዋት በላይ የሚስብ እቃ፣ አክንባሎው እንደተከደነ፣ ማሰሻው ጨርቅ ጠርዙ ላይ እንደተቀመጠ። ገመዱና ሶኬቱም አብረው መጋል ይጀምራሉ። ካውያ፣ ስቶቭና የውሃ ማሞቂያ ሄተርም እንደዚሁ ናቸው።

ስለዚህ መብራት በሄደባት ቅጽበት እጃችሁ መጀመሪያ ወደ ምጣዱ ማብሪያ ይሂድ። ሻማ ፍለጋው ከዚያ በኋላ ነው። ምጣዱ በቀጥታ ሶኬት ላይ ከተሰካ ንቀሉት። የራሱ ብሬከር ካለው ብሬከሩን አውርዱ። መብራት መምጣቱን ለማወቅ አንድ አምፖል ክፍት መተው ይበቃል።

ለፍሪጅ ምክንያቱ ሌላ ነው። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ገና ስላልተመጣጠነ ለመነሳት ይታገላል፣ ይግላል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያቆየው የፍሪጅ ጋርድ የሚሸጠው ለዚህ ነው።

ቲቪን በተመለከተ፣ ብዙ ሞዴሎች ላይ "ፓወር ኦን ሞድ" የሚባል ምርጫ አለ። "ኦን" ከተባለ መብራት በመጣ ቁጥር ይበራል። "ላስት" ከተባለ መብራት ሲሄድ ወደነበረበት ይመለሳል። "ስታንድባይ" አድርጉትና ገላግሉት። "ፓወር ቦርዱ ሄዷል" ከተባሉ ቲቪዎች መካከል ይህችን አንዲት መስመር ብቻ የሚፈልጉ እንዳሉ እወራረዳለሁ።

በሪሞት አጥፍቶ "ጠፋ" ማለት

በጅማ ክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲያጉረመርም ብዙ ሰው ቲቪውን በሪሞት አጥፍቶ ይቀመጣል። መብረቅ ሪሞት አያውቅም። ሶኬቱ ይነቀል። የዲሹ ገመድም ከሪሲቨሩ ላይ ይፈታ፣ ምክንያቱም ዲሹ ያለው ጣሪያ ላይ ነው። ይህን ግን ደመናው ሲመጣ እንጂ መብረቁ አናታችሁ ላይ ሲደርስ አታድርጉት።

ሪሞቱን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ማውጣት

ሪሞት ሶፋ ውስጥ ተወሽቆ ሰው ሲቀመጥበት ይጫናል። ስኳር ሻይ ፈስሶበት ቁልፉ ይጣበቃል። ባትሪው አርጅቶ ውሃ ያወጣና ውስጡን ያዛባል። ምርመራው ቀላል ነው። የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱ፣ ሪሞቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ አምፖል ወደ ካሜራው አዙሩ። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ነጣ ያለ ብርሃን ብልጭ ይላል። የጀርባው ካሜራ ካላሳያችሁ በሰልፊው ሞክሩ። ምንም ሳትጫኑ ብልጭ ብልጭ ካለ ሌባው ተያዘ። ያለበለዚያም ባትሪውን አውጥታችሁ እደሩ።

የጎረቤት ሪሞትም አለ። ጨረሩ ግድግዳ አያልፍም፣ የመስኮት መስታወት ግን ያልፋል። በር ለበር በሚተያዩ የኪራይ ቤቶች ሁለት ቤት አንድ ዓይነት ቲቪ ካለ አንዱ ሪሞት ሁለቱንም ሊያዝ ይችላል። መጋረጃ ዝጉና እዩ። እንደ ሬድሚ ያሉ ስልኮች ደግሞ አብዛኞቹ ሪሞት የመሆን ችሎታ አላቸው። የሰፈር ጎረምሳ ይህን ካወቀ አለቀ፣ በመስኮት እየጠቆመ ሲስቅባችሁ ያመሻል።

አንዳንድ ቆጣቢ አምፖልም የቲቪውን ዓይን ያምታታል። የሪሞት ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 38,000 ጊዜ አካባቢ የሚርገበገብ ብርሃን ነው። አምፖሉ ውስጥ ያለው ሰርኪዩትም ወደዚያው በሚጠጋ ፍጥነት ይሠራል። ቲቪው ፊት ለፊት ያለውን አምፖል ለአንድ ማታ አጥፍታችሁ ሞክሩት።

እርጥበቱንና ጭሱን መናቅ

ጅማ ዝናብ የሚወዳት ከተማ ናት። ክረምት ላይ ግድግዳ ያለቅሳል፣ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም። ይህ እርጥበት ቲቪው ውስጥ ገብቶ ከአቧራ ጋር ሲገናኝ ጣት የነካውን ያህል ይሠራል። በተለይ የሚነኩ ቁልፎች ባሏቸው እቃዎች ላይ፦ ቲቪ፣ ማይክሮዌቭ፣ ልብስ ማጠቢያ። ቁልፉ ሳይነካ ድምጽ ይጨምራል፣ ቻናል ይቀይራል፣ ይበራል።

ጭስ ሲጨመርበት ይብሳል። የቡናው ረከቦት ሁሌ ቲቪው ሥር ነው የሚዘረጋው፣ ሁሉም እያየ እንዲጠጣ። ከሰሉ እዚያው፣ ዕጣኑ እዚያው። የዓመታት ጥቀርሻ ቀዳዳዎቹ ላይ ሲጋገር ጣታችሁን ብታሳልፉበት ቡናማ ዝቃጭ ይዞ ይወጣል። ረከቦቱን ሁለት ሜትር ያህል ፈቀቅ ማድረግ ነው፣ ቡናውን ተዉ አላልኩም። ቲቪውንም ከሚያለቅሰው ግድግዳ ትንሽ አርቁት። ጥቀርሻውን በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ። ሶኬቱን ነቅላችሁ በደረቅ ብሩሽ ጠራርጉት።

አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ሲበራ ዝም ማለት

አጥፍታችሁት የኤልኢዲ አምፖሉ በጨለማ ደብዘዝ ብሎ ይበራል ወይም ብልጭ ብልጭ ይላል። ብዙውን ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ያለችው ጠቋሚ መብራት የምታሳልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው፣ ጉዳት የለውም። ሌላው ምክንያት ግን ሊናቅ አይገባም፤ ሠራተኛው ማብሪያ ማጥፊያውን ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ገመድ (ፌዙ) ላይ ሳይሆን በመመለሻው (ኒውትራሉ) ላይ አስሮታል። ያኔ አጥፍታችሁም አምፖሉ መያዣ ላይ መብራት አለ። ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖል የሚቀይር ሰው "አጥፍቼዋለሁ" ብሎ ይነካዋል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ በቴስተር ካቻቢቴ አስፈትሹ። ፌዙ ማብሪያው ላይ እንዲቆረጥ ማስተካከል ረጅም ሥራ አይደለም።

የእናንተ አምፖል ድንገት ቦግ ሲል የጎረቤት ደግሞ ከደበዘዘ ግን ሌላ ነገር ነው። የመስመሩ ኒውትራል ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ቤታችሁ የሚገባው ቮልቴጅ ከ220 አልፎ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ዋናውን ብሬከር ወዲያው አውርዱና ለመብራት ኃይል ደውሉ። ስታቢላይዘር አለኝ ብላችሁ አትጠብቁ።

ጤነኛውን እቃ መቀየር

ፍሪጅ በየጊዜው በራሱ ይነሳል፣ ይጠፋል። ሥራው ነው።

የውሃ ፓምፕ ግን ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ሌሊት ሲነሳ የሚነግራችሁ ነገር አለ። ግፊቱ ሲወርድ እንዲነሳ ነው የተሠራው። ግፊቱ የወረደው ብዙውን ጊዜ ውሃ የሆነ ቦታ ስለሚያፈስ ነው። የሽንት ቤቱ ሲፎን ውስጥ ጥቂት ቡና ጨምሩና ጠብቁ። ሳትለቁት ቀለሙ ወደ ሳህኑ ከወረደ የሚቀየረው የሲፎኑ ላስቲክ ነው።

ቲቪውን ራስ መክፈት

ከላይ ያሉት ሁሉ ተሞክረው ካልሆነ፣ ያን ጊዜ የተነፋ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም የቦርዱ ክፍል) ወይም የተበላሸ ቁልፍ ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ ቁሙ። ሶኬቱ ተነቅሎም ትልቁ ካፓሲተር ያንን 310 ቮልት ለጊዜው ይዞ ይቆያል።

ወደ ጠጋኙ ስትሄዱ ማስታወሻችሁን፣ ሪሞቱንና ሪሲቨሩን አብራችሁ ውሰዱ። "ቦርድ ይቀየር" ከማለቱ በፊት የቁልፎቹን ገመድ ከቦርዱ ነቅሎ ቲቪውን አንድ ቀን እንዲያቆየው ጠይቁት። በዚያ ቀን በራሱ ካልበራ ጥፋቱ ያለው ቁልፎቹ ላይ ነው። ቁልፎቹም ይጸዳሉ ወይም ይቀየራሉ፣ ቲቪው ደግሞ እስከዚያው በሪሞት ብቻ ሊሠራ ይችላል።