ከክንፍ ሥር ነዳጅ ሲንጠባጠብ፦ መጀመሪያ ከየት እንደሚወጣ እወቁ

ጠዋት ከበረራ በፊት የነዳጅ ናሙና ለመቅዳት ሴስና 172 የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ጎንበስ ስትሉ፣ የነዳጅ ማፍሰሻው ቫልቭ ዙሪያ ሰማያዊ እድፍ ታያላችሁ። 100ኤልኤል የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ቤንዚኑ ይተናል፣ ቀለሙ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ አዲስ ቫልቭ ፍለጋ ይሮጣል። ቆዩ። ቫልቩ በሁለት በኩል ሊያፈስ ይችላል፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

አካባቢውን በጨርቅ አድርቁና ነጭ ሶፍት ጠጋ አድርጉበት። መጀመሪያ መሐሉን፣ ቀጥሎ ከታንኩ ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያ።

ከመሐሉ ከሆነ

ናሙና ከተቀዳ በኋላ የጀመረ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው። ትንሽ አሸዋ ወይም የዝገት ፍርፋሪ ቫልቩን በሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ ማለትም በኦሪንጉና በመቀመጫው መሃል ገብቶ አላስዘጋ ይላል። የመቅጃውን ኩባያ ከሥሩ ያዙና ቫልቩን አራት አምስት ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ ግፉት፣ ልቀቁት። ነዳጁ ራሱ ያጥበዋል። ከዚያም በኋላ ካንጠባጠበ ኦሪንጉ ደርቋል ወይም ተቆርጧል፤ ይቀየር።

እዚህ ላይ አደራ። የዕቃ ቁጥሩ ኤምኤስ 29513 የሆነው ኦሪንግ ለነዳጅ የተሠራ ነው። ኤምኤስ 28775 ደግሞ ለሃይድሮሊክ ዘይት። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ልካቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለዩም። የሃይድሮሊኩ ቤንዚን ውስጥ ሲሰነብት ያብጣል፣ ቫልቩም እንደልቡ መመለስ ያቅተዋል። ስለዚህ ከነማሸጊያው ያልመጣ ኦሪንግ ቢለምኗችሁም አትግጠሙ።

ከዙሪያው ከሆነ

ጥያቄው የፊሌቶው፣ ማለትም ቫልቩ ታንኩ ላይ የሚጠመዘዝበት የብሎን ጥርስ፣ ዓይነት ነው። ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደው ፊሌቶ የሚታሸገው ጥርሱ ላይ ነው፤ ለነዳጅ የተፈቀደ የማሸጊያ ቅባት ይፈልጋል። ቅባቱን ስትቀቡ ጫፉ ላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ተዉ፣ ወደ ታንኩ እንዳይገባ። ቀጥ ያለው ፊሌቶ ግን የሚታሸገው አንገቱ ላይ ባለው ኦሪንግ ነው። ጥርሱን ቅባት ብትለቀልቁት ለውጥ የለውም።

የሚቀጥነውን በኃይል ማጥበቅ አደገኛ ነው። የአሉሚኒየሙ መቀመጫ ይሰነጠቃል፣ የአንድ ትንሽ ቫልቭ ጉዳይ የታንክ ጥገና ይሆናል።

ጥርስ ላይ የሚጠመጠመውን ነጭ የቴፍሎን ቴፕ ደግሞ ለውሃ ቧንቧ ተዉት። ሲጠብቅ ይቆረጣል፣ ክሩ ከነዳጁ ጋር ይሄዳል። እኔ አንድ አውሮፕላን የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ይህን ነጭ ክር በእጄ አውጥቻለሁ። ሞተሩ አየር ላይ ሳይታፈን መሬት ላይ በመገኘቱ ተመስገን ነው።

አዲስ ስትመርጡ

ቁጥሩን ከአውሮፕላኑ የመለዋወጫ መጽሐፍ ውሰዱ። ተገፍቶና ተጠምዝዞ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ዓይነት አለ። ታንክ ለማራገፍ ይመቻል፣ ነገር ግን ሳይዘጋ ሊረሳ ይችላል፤ ከእያንዳንዱ ናሙና በኋላ በጣታችሁ አረጋግጡ። ጎማው የሚታጠፍ አውሮፕላን ከሆነ፣ ሆዱ ሥር የሚገባው ቫልቭ ከቆዳው ጋር እኩል የሚሆነው ይሻላል። ጎማ ሳይወርድ ቢያርፍ ወጣ ያለው ቫልቭ ተገንጥሎ ነዳጅ ይለቃል።

ስትቀይሩ

ታንኩን አራግፉ፤ በእጅ እየደፈኑ መቀየር ይቅር። ሥራው ደጅ ይሁን፣ ብልጭታ እንዳይነሳ አውሮፕላኑም ነዳጁ የሚራገፍበት ዕቃም በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዙ፣ የፕላስቲክ ባልዲ አይቅረብ። ፈቃድ ያለው ቴክኒሺያን አይቶ መዝገቡ ላይ ይፈርም። ነዳጅ ሞልታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁና ሶፍቱን መልሱበት።

ሶፍቱ ደርቆ እድፉ በማግስቱ ከተመለሰ ቫልቩን ተዉት። የሪቬቱን መስመር ተከትላችሁ ወደ ላይ ፈልጉ፤ የሚያፈሰው የታንኩ መጋጠሚያ ነው።