«ብሊንክ»ን ወደ አማርኛ ስንመልስ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ብርሃን ከተማ ቅዳሜ ማታ ለወጣቶች ፊልም እናሳያለን፤ የአማርኛውን የግርጌ ጽሑፍም የምናዘጋጀው ራሳችን ነን። አዲስ ተርጓሚ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚመርጠው ሥራ ዘወትር አንድ ነው፤ እርሱም «ዶክተር ሁ» ከተባለው የእንግሊዝ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ «ብሊንክ» የተሰኘው ክፍል ነው። ድራማው በቢቢሲ መታየት የጀመረው ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ በስቲቨን ሞፋት የተጻፈው ይህ ክፍል ደግሞ የታየው ሰኔ 2 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ጀማሪዎች ቢወዱት አልፈርድባቸውም፤ ከዚያ በፊት አንድም ክፍል ያላየ ሰው ሳይቸገር ሊከታተለው ይችላል፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው። ነገር ግን ሁሉም የሚሰናከሉት በዚያው ቦታ ስለሆነ፣ አንድ በአንድ ጽፌ ማስቀመጡን መርጫለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ከርእሱ ይጀምራል። ታሪኩ ሰው ሲያያቸው ድንጋይ፣ ዓይን ሲነሣላቸው ግን ከመብረቅ ፈጥነው የሚንቀሳቀሱ የመልአክ ሐውልቶች ታሪክ ነው። ስለዚህ ዋናው ማስጠንቀቂያ «ዓይናችሁን አታርገብግቡ» የሚል ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች «ዓይናችሁን አትጨፍኑ» ብለው ያልፉታል። መጨፈን በፈቃድ የሚደረግ ነገር ስለሆነ ተመልካቹ «አለመጨፈን ምን ያቅታል?» ብሎ ይረጋጋል፤ የክፍሉ አስፈሪነት ግን ማንም ሰው ሊከለክለው በማይችለው የዓይን መርገብገብ ላይ የቆመ ነው። «አትጥቀሱ» ያለም አጋጥሞኛል፤ ጥቅሻ ግን የምልክትና የፍቅር ቋንቋ ነው። ለርእሱ እኛ የመረጥነው «ቅጽበተ ዓይን» የሚለውን ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዓይንንም ጊዜንም በአንድ ቃል ይይዛል።

ስለ መላእክቱ ስያሜ ሁለት ዓይነት ስህተት አይቻለሁ። አንዱ «አልቃሾቹ» ማለት ነው፤ አልቃሽ በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርድ ሴት ስለሆነች፣ ተመልካቹ ሐውልቱን ትቶ ድንኳኑን ያስባል። ሌላው ደግሞ «ዓይናቸውን የሸፈኑት» ማለት ሲሆን፣ ይህ ምሥጢሩን አስቀድሞ ያወጣዋል። ፍጥረቶቹ ፊታቸውን በእጃቸው የሚከልሉት በሐዘን ሳይሆን፣ እርስ በርስ ከተያዩ ለዘለዓለም ድንጋይ ሆነው እንዳይቀሩ ነው፤ ይህ የሚገለጠውም ዘግይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ስማቸው ዓይን እንደሚያያቸው «የሚያለቅሱት መላእክት» ሆኖ ይቆይ። በአብያተ ክርስቲያናችን መልአክ በሥዕል እንጂ በድንጋይ ቅርጽ ስለማይታወቅ፣ «ሐውልት» የሚለውን ቃል መጀመሪያ በታዩበት ቦታ አብሮ ማስገባት ይጠቅማል።

«ኢስተር ኤግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «የፋሲካ እንቁላል» ብላችሁ አትተርጉሙ። በዲቪዲ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ ቪዲዮ ማለት ነው፤ «የተደበቀ ቪዲዮ» ይበቃል።

የዘመን አቆጣጠርን ጉዳይ ግን እኔ ራሴ ስለበደልኩበት ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ። መላእክቱ የነኩትን ሰው ወደ ኋላ ዘመን ይልካሉ፤ የድራማው ዋና ባለ ታሪክ የሆነው፣ በዘመናት መካከል የሚጓዘው ዶክተርና አብራው የምትጓዘው ማርታ የተወረወሩትም፣ መርማሪው ቢሊ የተላከውም በፈረንጆቹ 1969 ነው። በመጀመሪያው ዝግጅቴ ላይ «ወደ 1969 ተላከ» ብዬ ቁጥሩን እንዳለ አስቀመጥኩት። ከኋላ ከተቀመጡት መካከል አንድ አባት ነበሩ፤ ቁጥሩ ሲወጣ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ፊልሙ እንዳለቀም ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ የትኛው 1969?» ብለው ጠየቁኝ። ለእርሳቸው ትውልድ 1969 የቀይ ሽብር ዓመት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ቁጥር ያለ ማስተካከያ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ማየት አልችልም። «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክትም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ለሚነበብ ጽሑፍ አይረዳም፤ ዓይን ቁጥሩን ብቻ ወስዶ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ራሳችን አቆጣጠር መመለስ አለበት፤ ዓመቱ ብቻ ሲሰጥ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ እንዳለበት ከታሪኩ መፈለግ ነው። ማርታ ጨረቃ ላይ የታረፈበትን ቀን አራት ጊዜ ሄደው ማየታቸውን ትናገራለች፤ ያ ደግሞ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ስለሆነ፣ እኛ 1961 ብለን ወስነናል።

አሁን ትዕግሥቴን ወደሚያስጨርሰኝ ስህተት ልምጣ። በክፍሉ መጀመሪያ አካባቢ ዋናዋ ባለ ታሪክ ሳሊ ስፓሮው የምታየው በአሥራ ሰባት ዲቪዲዎች ውስጥ የተደበቀ የዶክተሩን ምስል ነው። ከማን ጋር እንደሚነጋገር አይታወቅም፤ ግማሽ ንግግር ነው፤ ላሪ የተባለው ወጣትም ሲመረምረው ኖሯል። በመጨረሻ መላእክቱ ባሉበት ባዶ ቤት ውስጥ ምስሉ ከዳር እስከ ዳር ሲጫወት፣ የጎደለው ግማሽ የራሷ የሳሊ ንግግር መሆኑ ይገለጣል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በመካከላቸው እያለ ሁለቱ ፊት ለፊት ይጨዋወታሉ፤ ላሪም የእርሷን ቃል በጽሑፉ ላይ ይሞላል፤ ያ ጽሑፍ ኋላ ለዶክተሩ ደርሶ፣ በ1961 ዓ.ም. ካሜራ ፊት የሚያነብበው እርሱኑ ይሆናል። የክፍሉ ውበት በሙሉ የተመሠረተው፣ መጀመሪያ ትርጉም የለሽ የነበረው ዐረፍተ ነገር ቃል ሳይቀየር ተመልሶ ሲመጣ ትርጉም በማግኘቱ ላይ ነው። ተርጓሚዎቻችን ግን ምን ያደርጋሉ? ሥራውን ለሦስት ይከፋፈሉታል! አንዱ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት «ሰዎች ጊዜን አይረዱትም» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው መጨረሻው ላይ ያንኑ ዐረፍተ ነገር «የሰው ልጅ ስለ ጊዜ ያለው ግንዛቤ የተሳሳተ ነው» ብሎ ያሳምረዋል። እንዲህ የተሠራውን አንድ ቅዳሜ ስናሳይ፣ አዳራሹ በሚደነቅበት ቦታ ጸጥ አለ፤ ንግግሩ ያው መሆኑን ያወቀ አንድም ሰው አልነበረም። የወጣቶቹን ድካም ባከብርም እጅግ አዘንኩ፤ ምክንያቱም የተሰወረባቸው ነገር ክፍሉ የተሠራበት ዋና ምክንያት ነው። እባካችሁ፣ የመጨረሻውን ጭውውት አስቀድማችሁ ተርጉሙ፤ ከዚያ ለመጀመሪያዎቹ ቁርጥራጮች ከእርሱ ላይ ቃል በቃል ቅዱ።

እዚያው ላይ በእንግሊዝኛ የሌለ፣ የእኛ ብቻ የሆነ ወጥመድ አለ። አማርኛ አንድን ሰው በቅርብ አነጋገር ሲጠራ ጾታውን መደበቅ አይፈቅድም። በመጀመሪያው ቁርጥራጭ ላይ ዶክተሩ «አንቺ» ካለ የሚያነጋግረው ሴት መሆኗ ታወቀ፤ እንቆቅልሹም አበቃ። «አንተ» ካለ መጨረሻው ላይ ሳሊን በወንድ ሊያነጋግራት ነው። «እርስዎ» ጾታን ይደብቃል፤ ነገር ግን ለዚያ ፈጣንና ቅርብ አነጋገር ይከብደዋል። ብዙ ከተከራከርን በኋላ የደረስንበት «እናንተ» ነው፤ በመጨረሻ ከምስሉ ፊት የሚቀመጡት ሳሊና ላሪ ሁለት ስለሆኑ እውነት ይሆናል፤ በመጀመሪያውም ተመልካቹን ሁሉ የሚጠራ መስሎ ምሥጢሩን ይጠብቃል። ለእርሷ ብቻ የሚመልሰው ከሆነና ቀድሞ ያልታየ ከሆነ፣ ያን ጊዜ «አንቺ» ይባል።

ዶክተሩ ጊዜ ቀጥ ያለ መስመር አለመሆኑን ሲያስረዳ ቃል አጥሮት እንደ ሕፃን በሚደጋገም ቃል ይናገራል። ይህን «ውስብስብ» ብሎ መተው ስንፍና ነው፤ እንደ አማርኛ ድርብርብ ቃል የታደለ ቋንቋ የት አለና! «ጥምዝምዝ ውልግድግድ» ብለን አስገብተነዋል፤ ልጆቹ ከአዳራሹ ሲወጡ እየደጋገሙት ነው።

መላእክቱ ምን እንደሚመገቡ ሲነገር ከፊዚክስ መጽሐፍ «እምቅ ኃይል» የሚለውን አታውጡ፤ ሰውየው ሊኖረው የነበረውን ዕድሜ ይበላሉ ማለት ነው፤ ዕድሜ መብላትን ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ምድር ቤቱ ውስጥ መብራቱ ብልጭ ድርግም በሚልበት ቦታ ባዶ ስክሪን ተዉ። ተመልካች የግርጌ ጽሑፍ ለማንበብ ዓይኑን ዝቅ ባደረገባት ቅጽበት መልአኩ ቀርቦ ይገኛል፤ ሳያነብ በራሱ ዓይን እየጠበቀ ሊደነግጥ ይገባዋል እንጂ፣ «ወይኔ» የሚል ቃል ሲያነብ ሊያመልጠው አይገባም።

የቀረው የቢሊ ነገር ነው። ሳሊና ቢሊ ሲተዋወቁ እርሱ መርማሪ ፖሊስ ስለሆነ በ«እርስዎ» ትጀምራለች፤ ጨዋታው ሲሞቅ ወደ «አንተ» ይወርዳሉ፤ ከመነሻው «አንተ» ማለት ያንን መቀራረብ ያጠፋዋል። በዚያው ዕለት ሆስፒታል ስታገኘው ግን ሽማግሌ ሆኖ በሞት አፋፍ ላይ ነው። በዕድሜው አንቱ ሊባል የሚገባው ነው፤ ለእርሷ ግን ከሰዓታት በፊት ስልኳን የጠየቃት ወጣት ነው። ሳታውቀው «እርስዎ»፣ ስታውቀው «አንተ» እንድትል አድርገናል።

ሳሊ በሆስፒታሉ መስኮት በኩል የሚወርደውን ዝናብ ታያለች፤ ሲተዋወቁም እየዘነበ ነበር፤ ለቢሊ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲያልፍ ለእርሷ ግን ዝናቡ ገና አላባራም። ቢሊም ዝናቡ እስኪያባራ ብቻ እንደሚቆይ ያውቃል። ሳሊ ስለ ዝናቡ የምትለውን በመጀመሪያው ረቂቃችን «ተመሳሳይ ዝናብ ነው» ብለን ነበር። ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣ፣ ከእኛ ጋር ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላው ተማሪ ጽሑፉን አየና «ተመሳሳይ ከሆነማ ሌላ ዝናብ ነው» አለ፤ ከዚያም ሰርዞ «ያው ዝናብ ነው» ብሎ ጻፈው።