አፈ ታሪክን የሚያሳይ የቆየ የመዳብ ቅርጽ ህትመት እንዴት ይተነተናል?

የቅርጽ ትንተና የሚጀምረው ታሪኩን ከመተረክ ሳይሆን ዓይን በወረቀቱ ላይ ያገኘውን ከመመዝገብ ነው። ጣሊያናዊው ቀራጭ ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ እ.ኤ.አ. ከ1510 እስከ 1520 ባሉት ዓመታት በሠዓሊው ራፋኤል ንድፍ መሠረት በመዳብ ላይ የቀረጸው «የፓሪስ ፍርድ» ለልምምድ ይመቻል። ሦስት ሴት አማልክት በውበት ተወዳድረው የትሮይ ልዑል የሆነው ፓሪስ ለአሸናፊዋ የሚሰጠውን ፖም ከመካከላቸው ለቬነስ ሲሰጥ ያሳያል፤ ለጊዜው ከታሪኩ ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል።

በቅድሚያ አጉሊ መነጽር ይዘው መስመሮቹን ይመርምሩ። በዚህ ዓይነት ህትመት ቀለሙን የሚይዘው በስለታም ብረት የተቦረቦረው ቦይ ስለሆነ፣ ከሩቅ ግራጫ መስሎ የሚታየው አብዛኛው ቦታ የጥቁር መስመርና የነጭ ወረቀት ጥምር ነው። ስለዚህ «ጥላው ጠቆር ብሏል» ብሎ ማለፍ ትንተና አይባልም፤ መስመሮቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡ፣ የት እንደወፈሩና የት እንደሳሱ፣ አንዱ ረድፍ ሌላውን የት እንደሚያቋርጥ፣ የክንዱንና የጭኑን ክብነት ተከትለው ይታጠፉ እንደሆነ ወይም ቀጥ ብለው ያልፉ እንደሆነ በዝርዝር መጻፍ አለበት። ብዙ ጸሐፊዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው፤ እንደ እኔ ግምት ግን ከጠቅላላው ጊዜ ግማሹ ለዚህ ቢውል አይበዛም።

ቀጥሎ ወደ ቅንብሩ ይሻገሩ። ሥዕሉ 29 በ43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ጎን የተዘረጋ ሲሆን፣ ዋናው ድርጊት ከመሃል ወደ ግራ ያደላል። ከሦስቱ አማልክት አንዷ የሆነችው ሚነርቫ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ከላይ የፀሐይ አምላክ ሠረገላና የአማልክት ንጉሥ ጁፒተር ከነንስሩ ይታያሉ። በስተቀኝ ከተቀመጡት ሁለት የወንዝ አማልክት ጋር ያለችው ኒምፍ (በወጣት ሴት መልክ የምትታይ የተፈጥሮ መንፈስ) ፍርዱን ትታ ወደ ተመልካቹ ታያለች። ይህ እይታ ትኩረታችንን ከፖሙ ላይ ስለሚነጥቅ፣ ተንታኙ ቅንብሩ ስንት የትኩረት ማዕከል እንዳለው መጠየቅ ይኖርበታል። (ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድዋር ማኔ እ.ኤ.አ. በ1863 በሣር ላይ የተቀመጡ ሰዎችን ሲሥል የወሰደው የእነዚህን የሦስቱን አቀማመጥ ነበር።)

በመዳቡ ላይ የተቀረጸው በወረቀት ላይ ግራና ቀኙ ተገልብጦ እንደሚታተምም አይዘንጉ፤ «ግራ» እና «ቀኝ» ሲሉ ስለ ወረቀቱ እንደሚናገሩ ይግለጹ። በመጨረሻም የቅጂውን ሁኔታ ይመዝግቡ፤ ሰሌዳው በተደጋጋሚ ሲታተምበት ቦዮቹ ስለሚያልቁ ዘግይተው የወጡ ቅጂዎች ይደበዝዛሉ፣ ይህንንም ድብዛዜ የቀራጩ ምርጫ አድርጎ መተርጎም አይገባም።