መሪ ላይ ወገብ ሲያም፦ በእጅ የሚሠራ የመኪና ወንበር መደገፊያ፣ ችግርና መፍትሄ

ከተማችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት አብዛኞቹ አሮጌ ቪትዞች፣ ኮሮላዎችና ሚኒባሶች ወንበራቸው የወገብ ማስተካከያ የለውም። የነበረው ስፖንጅም በዓመታት ብዛት ተጨፍልቆ ጎድጉዷል። ከጠዋት እስከ ማታ መሪ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ ወገብ እንጀራ ነው። መፍትሄው ግን ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ካለ ፎጣ ይጀምራል።

ምልክት፦ ትንሽ እንደነዱ ወገብ ይይዛል፤ ወርደው ሲቆሙ ቀለል ይላል

ምክንያት፦ ቆመን ስንታይ ወገባችን ወደ ውስጥ ሰርጎድ ያለ ነው። ስንቀመጥ ዳሌያችን ወደ ኋላ ይዞርና ያ ቅርጽ ይጠፋል፤ በአምስቱ የወገብ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ሆነው ባሉት ዲስኮች ላይ ጫናው ይበረታል። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 በመኪና ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎችን የዲስክ ግፊት ለክተው ነበር። የወንበሩ ጀርባ ዘንበል ሲልና ወገብ ድጋፍ ሲያገኝ ግፊቱ ቀንሶ አግኝተውታል።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ወንበሩን አስተካክሉ። መቀመጫችሁ የወንበሩን ጀርባ እስኪነካ ድረስ ገብታችሁ ተቀመጡ። ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ እንዳለ ይቅር። የወንበሩ ጀርባ ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ይበል፤ ደረታችሁ ከመሪው መሃል ቢያንስ 25 ሳንቲሜትር ይራቅ።

ከዚያ አንድ ፎጣ 30 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት እንዲኖረው አጥፋችሁ ጠቅልሉትና ሁለቱን ጫፍ በላስቲክ እሰሩት። የሚቀመጥበትን ቦታ ለማግኘት ቆማችሁ በሁለት እጃችሁ ጎንና ጎናችሁን ያዙ፣ አውራ ጣታችሁ ወደ ኋላ ይሁን። ጣቶቻችሁ የዳሌውን አጥንት የላይኛውን ጠርዝ ሲያገኙ፣ አውራ ጣቶቻችሁ አከርካሪው ላይ የሚያርፉበት ቦታ አራተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። የጥቅሉ መሃል እዚያ ይረፍ፤ በግምት ቀበቶ የምንታጠቅበት ከፍታ ማለት ነው።

ውፍረቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተደግፋችሁበት ሲጨመቅ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ቢቀር ለብዙ ሰው ይበቃል። ጥሩ መደገፊያ ትንሽ ቆይቶ ይረሳል፤ ሁልጊዜ ወደ ፊት እንደሚገፋችሁ ከተሰማችሁ ወፍራም ነውና ፎጣውን አንድ ዙር ፍቱት። ስፖንጅ ለማስቆረጥ አትቸኩሉ። ፎጣ በየቀኑ ሊቀጥን፣ ሊወፍር፣ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል፤ ልካችሁን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ምልክት፦ ከጎድን አጥንት በታች ወይም መሃል ጀርባ ላይ አዲስ ህመም መጣ

መደገፊያው ከፍ ብሏል። አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉና ሞክሩት።

ምልክት፦ ሰውነት እየተንሸራተተ ወደ ፊት ይሄዳል

ምክንያት፦ መደገፊያው እስከ መቀመጫው ድረስ ወርዶ የዳሌን ቦታ ይዟል። ሶፋ ላይ የሚቀመጡት ትልልቅ ትራሶች ጣጣቸው ይህ ነው። መፍትሄው ከመደገፊያው በታች አንድ መዳፍ የሚያህል ክፍት ቦታ መተው ነው።

ምልክት፦ ወገብ ተሻለው፣ አንገት ግን ማመም ጀመረ

ምክንያት፦ ወፍራም መደገፊያ ሰውነትን ወደ ፊት ሲገፋ ጭንቅላት ከራስ መደገፊያው ይርቃል። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ከኋላ መኪና ሲገጭ አንገትን የሚያድነው ያ የራስ መደገፊያ ነው፤ በሱና በጭንቅላታችሁ መካከል ያለው ክፍተት ከአራት ጣት ባይበልጥ ይመረጣል።

መፍትሄ፦ መደገፊያውን አሳንሱ። ካልበቃ የወንበሩን ጀርባ ትንሽ ቀና አድርጉ። መጨረሻ ላይ ስፖኪዮዎቹን እንደገና አስተካክሉ፤ የዓይናችሁ ከፍታ ተቀይሯልና።

ምልክት፦ ስፖንጁ ቶሎ ሟሸሸ፣ ወይም ከመኪና በተወረደ ቁጥር ይወድቃል

ፎጣው ልካችሁን ከነገራችሁ በኋላ ታፒሴሪ ቤት ጎራ ብላችሁ ጠንካራ ቁራጭ ስፖንጅ ጠይቁ። በአውራ ጣት ስትጫኑት ያለ ችግር ከሥሩ ያለውን ጠረጴዛ የሚያስነካችሁ ከሆነ አትግዙት። 30 በ20 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 4 ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ጠርዞቹን በዳቦ ቢላዋ አሳስታችሁ ቁረጡ፤ ስለት ያለው ጠርዝ ጀርባ ላይ መስመር ሠርቶ ይውላል። የጥጥ ጨርቅ አልብሱት፣ ፕላስቲክ ያልባል።

እንዳይወድቅ ከላይ ሁለት ጥብጣብ ስፉበትና የራስ መደገፊያው ሁለት ብረቶች ላይ እሰሩት። ወንበሩን በጎን በኩል ዙሪያውን በማሰሪያ መጠምጠም ግን አደገኛ ነው። የወንበሩ ጎን ላይ “ኤርባግ” የሚል ትንሽ ምልክት ካለ በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት (ኤርባጉ) የሚወጣው በዚያ ነው፤ ማሰሪያ ሊያግደው ይችላል።

ምልክት፦ የሚያመው አንድ ጎን ብቻ ነው

በመጀመሪያ የኋላ ኪሳችሁን ፈትሹ። ቦርሳ ላይ ተቀምጦ መዋል ዳሌን ያጣምማል። ኪሱ ባዶ ከሆነ ወደ ወንበሩ ሂዱ፦ አንድ ሰው ከፊት በጉልበቱ የወንበሩን ጀርባ ይግፋ፣ እናንተ ከኋላ በእጃችሁ ዳብሱ። አንዱ ጎን ከሌላው አብልጦ የሚገባ ከሆነ፣ ወይም “ቀጭ” የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ውስጥ ያለው ሽቦ ወይም ሞላ ከመያዣው ወልቋል ወይም ተሰብሯል። እንዲህ ያለውን ጉድለት ትራስ አያድነውም።

የኋላ ልብሱ በመንጠቆ ወይም በዚፕ የተያዘ ከሆነ ከፍታችሁ፣ የወለቀውን ሽቦ ወደ ቦታው መልሳችሁ በወፍራም የፕላስቲክ ማሰሪያ ልታስሩት ትችላላችሁ። የተሰበረ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሽቦ ወይም ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው፤ አትንቀሉት፣ አትቁረጡት።

ምልክት፦ ህመሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ እግር ይደነዝዛል

ይህ ከወንበር በላይ የሆነ ጉዳይ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው። እግር ከሰነፈ፣ በጭን መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ መኪናውን ሌላ ሰው ይንዳና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።