የአያት ስም ከደብሩ መዝገብ ሲጠፋ

ችግር፦ «አያቴ ክርስትና የተነሡት እዚህ ደብር ነው፤ ስማቸው ግን የለም።»

ካህኑ የመዘገበው የክርስትና ስማቸውን ይሆናል። ሰፈሩ ሁሉ ተሰማ የሚላቸው ሰው መዝገቡ ላይ ወልደ ሚካኤል ናቸው። ስለዚህ ደብር ከመሄዳችሁ በፊት ዘመድ ቤት ሂዱ። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ፣ የነፍስ አባታቸው ወይም ቀብር ላይ የነበሩ አክስት አያጡትም።

ስሙ ተገኘ፤ ግን ወልደ ሚካኤል አምስት ነው? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። «ክርስትና ያነሣቸው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ነው የሚያነሣው። መዝገቡ ላይ ያለው የክርስትና አባቱና የወላጆቹ ስም ዘመድ ከነገራችሁ ጋር ከገጠመ ሰውየው እሱ ነው። ፊደሉ ግን አያሳስታችሁ፦ ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

ችግር፦ ቀኑ አይገጥምም።

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው የሚጠመቁት። ኅዳር 21 ቀን የተጠመቀች ልጅ የተወለደችው መስከረም 1 ግድም ነው። ቤተሰቡ የሚያስታውሰው «ዘመነ ሉቃስ ነበር» ብቻ ከሆነም ዓመቱን ለማጥበብ ይረዳል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1935 ሉቃስ ነው። ውጭ አገር ለምትኖሩ ደግሞ፦ የፈረንጁን ዓመት ለማግኘት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ጨምሩ።

ችግር፦ ጋብቻቸው አልተመዘገበም።

በሰማንያ ተጋብተው ይሆናላ! የሰማንያ ውል ያለው ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ሣጥን ውስጥ ነው። ደግሞም ብዙዎች ልጅ አድርሰው፣ አርጅተው ነው ቆርበው ጋብቻቸውን በቤተ ክርስቲያን የሚያጸኑት። ከመጀመሪያ ልጃቸው በፊት ያለውን ዘመን ብቻ አትፈልጉ፤ 30 እና 40 ዓመት ወደፊት ሂዱ።

ችግር፦ መዝገብ የሚባል ነገር የለም።

በገጠር የተለመደ ነው። የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ነው። የጥንት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሰጪዎች ስም ስለሚጻፍ፣ ቅድመ አያታችሁ መጽሐፍ ሰጥተው ከሆነ ካህናቱን ጠይቁ። ሳታስፈቅዱ ግን ፎቶ እንዳታነሡ፤ በሩ የሚዘጋባችሁ ያኔ ነው። ከዚያ የቀረው ዘር የሚቆጥር ሽማግሌ ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ስለነበር ትውልዱን በቃሉ የሚደረድር ሰው አሁንም አለ። ስልካችሁን አውጡና ድምፁን ቅዱት።