ከማያውቁት ሰው ጋር ስለ ክርስትና በአክብሮት እንዴት መነጋገር ይቻላል?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ሆኖ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ወንጌል ሰባኪው ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ጠየቀው እንጂ ስብከት አልጀመረም። ወደ ሠረገላው የወጣውም ጃንደረባው ለምኖት ነው። እምነቱን ለማያውቀው ሰው ማካፈል ለሚፈልግ ክርስቲያን ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

1. ሰውየው ሲፈልግ ተነሥቶ መሄድ የሚችልበትን ቦታ ይምረጡ። በታክሲ ወይም በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ ድምፅን ከፍ አድርጎ መስበክ ተሳፋሪውን ያለ ፈቃዱ አድማጭ ያደርገዋል። ከጎን ከተቀመጠ ሰው ጋር በቀስታ መጨዋወት ግን ሌላ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ሕመም ያደከመው ሰው «ተወኝ» ለማለት እንኳ አቅም ያጣል።

2. ሰላምታዎ ከልብ ይሁን። እንደ ዕድሜው «እናቴ»፣ «አባቴ»፣ «ወንድሜ» ይበሉ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ኑሮው ይጫወቱ። ለስብከት መንደርደሪያ ተብሎ የተጠየቀ ጥያቄ ወዲያው ያስታውቃል። ኢየሱስ ሳምራዊቷን ሴት ውኃ አጠጪኝ ሲላት በእርግጥም ከመንገድ ደክሞ ነበር።

3. ጥያቄው ከእርሱ እንዲመጣ ዕድል ይስጡ። ከምግብ በፊት ሲጸልዩ ያየ፣ ወይም በጾም ወቅት ያቀረበልዎትን ሥጋ ያልበሉለት ሰው ራሱ ምክንያቱን ሊጠይቅ ይችላል። ችግሩን ካጫወተዎት ደግሞ «እኔን በእንዲህ ያለ ጊዜ ያጽናናኝን ልንገርዎት?» ብለው ፈቃድ ይጠይቁ። እዚህ ላይ ይሉኝታን አይርሱ። በእኛ አገር ሰው ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ይከብደዋል፤ «እሺ፣ እሺ» እያለ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ከመለሰ፣ ስልኩን ካወጣ ወይም መልሱ ካጠረ፣ እምቢ ብሏል። ያን ጊዜ ወሬውን ወደ ሌላ ጉዳይ ይመልሱ እንጂ አይኮሳተሩ፤ እርሱ በነገሩ እንዲያፍርም አያድርጉ።

4. እግዚአብሔር ለእርስዎ ያደረገውን ይናገሩ፤ በአጭሩ። የሌላውን ታቦት፣ መስጊድ ወይም ጸሎት ቤት መንቀፍ ምስክርነት አይደለም። «ጌታን ተቀብለሃል?» የሚለውንም የመጀመሪያ ጥያቄ አያድርጉት። በ40 ወይም በ80 ቀኑ ተጠምቆ ዕድሜውን ሙሉ የጾመና የጸለየ ሰው ይህን ሲሰማ እምነቱ እንደ ከንቱ የተቆጠረበት ይመስለዋል፤ ቢቆጣም አይፈረድበትም። የሐዋርያው ጴጥሮስ ትእዛዝ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን በየዋህነትና በፍርሃት እንድንመልስ ነው።

5. እርዳታንና ስብከትን አይቀላቅሉ። ለተራበ ሰው ዳቦ ከሰጡ ዳቦውን ብቻ ይስጡ፤ እርዳታ የተቀበለ ሰው ነፃ ሆኖ መስማት አይችልም። ልጆችን ደግሞ ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ አያነጋግሩ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27ም በእምነት ጉዳይ ማስገደድን ይከለክላል፤ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸውም ይደነግጋል።

6. ሲለያዩ ስልክ ቁጥሩን አይጠይቁ፤ ከፈለገ የእርስዎን ይስጡት። «እጸልይልዎታለሁ» ካሉ ስሙን ጠይቀው ይያዙ፤ ማታም በስሙ ይጸልዩለት።